የኤሊዛ ዊንስተን የመሐላ ቃል

በሚኒሶታ፣ በሄነፒን ካውንቲ፣ ኦገስት 21 ቀን 1860 እ.ኤ.አ.፣ ዳኛ ቻርልስ ቫንደርበርግ በባርነት ትኖር የነበረችውን ኤሊዛ ዊንስተንን ነጻ ናት ብለው ወሰኑ። ጌታዋ ሪቻርድ ክሪስማስ ከሚሲሲፒ ከቤተሰቡ ጋር ሲመጣ ይዟት ነበር። የሚኒሶታ ሕገ መንግሥት ባርነትን ስለሚከለክል ችሎቱ ብዙ አልቆየም።

አካልን ነጻ ለማውጣት አቤት ያሉት ግን ሌሎች ናቸው፤ የሴንት አንቶኒ ነዋሪዋ ጥቁር አሜሪካዊት ኤሚሊ ግሬይ፣ ዊልያም ባቢትና ኤዳ ቢግሎው። አቤቱታውን ብቻ ያነበበ ሰው ኤሊዛን ሌሎች ያወጧት ሴት አድርጎ ያስባታል። ጋዜጦቹን ያነበበማ የባሰ ይሳሳታል። የያኔው ጋዜጣ የፓርቲ ልሳን ነበር። በእንፋሎት መርከብ ከደቡብ የሚመጣው እንግዳ ይቀርብናል ብለው የሰጉ ወገኖች፣ የባርነት ተቃዋሚዎች ሳትፈልግ እንደወሰዷት አስወሩ።

በዚያው ወር «ፎልስ ኢቭኒንግ ኒውስ» የመሐላ ቃሏን አተመ። ነጻነቷን የፈለገችው ራሷ እንደሆነች፣ ማንም ሳይገፋፋት እርዳታ እንደጠየቀች ትናገራለች። በሃሪየት ሐይቅ አጠገብ ሳሉ ሰው ሲመጣ ጫካ ገብታ እንድትደበቅ ትታዘዝ እንደነበርም ትገልጻለች። ይህ ሁሉ ለወሬው የተሰጠ መልስ ስለሆነ፣ ያተመው ጋዜጣም የባርነት ተቃዋሚ ስለነበር፣ ጠንቃቃ አንባቢ ቃሉ ምን ያህል የእሷ፣ ምን ያህል የደጋፊዎቿ እንደሆነ መጠየቁ አይቀርም። መጠየቁም ተገቢ ነው።

እኔን የሚያሳምነኝ ለክርክሩ ማንም የማይፈልገው ዝርዝር ነው። ነጻ ሰው ከነበረው ባሏ ጋር ሠርተው በሜምፊስ ቤት አፍርተው ነበር። ባሏ ላይቤሪያ ሄዶ እዚያው ሞተ። እሱ ከሞተ ወዲህ ከንብረቱ አንዲት ሳንቲም እንዳልደረሳት ታስመዘግባለች። የሚኒሶታ ዳኛ ይህን ሊያስመልስላት አይችልም፤ ለባርነት ተቃዋሚ ጋዜጣም ከዚህ የሚበልጥ የጭካኔ ወሬ ሞልቶታል። ሕጉ ራሷን እንደ ንብረት የሚቆጥራት ሴት ግን በመሐላ ባለንብረት ነኝ አለች። ችሎት ፊት ከመቆሟ ከዓመታት በፊት የጀመረው ትግሏ የሚታየኝ እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ታሪኳን የሚከታተል ሰው ከሄነፒን መዝገብ ቀጥሎ የሜምፊስን የርስት መዛግብትና ወደ ላይቤሪያ የተጓዙትን ሰዎች ዝርዝር ማገላበጥ ይኖርበታል።