ኩፍኝና ደስታ፦ የቫይረሶች ጎሳ በተልተሌ ቆላ

ቦረና እንግዳውን ከሰላምታ ቀጥሎ ጎሳው ከሳቦ ወይም ከጎና መሆኑን እንደሚጠይቅ ሁሉ፣ በዐይነ ሥጋ የማይታዩትን ቫይረሶች የሚመረምሩ ሊቃውንትም አዲስ ደዌ በተነሣ ጊዜ አስቀድመው የሚሹት የየትኛው ቤተሰብ ወገን እንደ ሆነ ማወቅ ነው። ቫይረስ ለብቻው ሲሆን እንደ በድን ያለ፣ ወደ ሕያው ሕዋስ በገባ ጊዜ ግን ያንኑ ሕዋስ የራሱ ዘር ማባዣ የሚያደርግ ረቂቅ ነገር ስለ ሆነ፣ ነገዱ የሚለየው በሚሸከመው የዘር ጽሕፈትና በአካሉ ቅርጽ ነው።

በቦረና የሚገኘው የተልተሌ አርብቶ አደር የቫይረሶችን ዝምድና ለማስተዋል ከከተሜው ይልቅ የቀረበ ይመስለኛል፤ የለጋ ግመሎችን ከንፈር የሚያቆስለው የግመል ፈንጣጣ፣ በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በደቡብ ምሥራቅ ቆላ ዲሞ በተባለች መንደር ለመጨረሻ ጊዜ ታይቶ ከአገራችን የጠፋው የሰው ፈንጣጣ የቅርብ ዘመድ ነውና። ከወይጦ ወንዝ ማዶ በኦሞ ሸለቆና በአካባቢው በ1953 እና በ1954 ዓ.ም. ወደ 30,000 የሚሆን ሕዝብ የፈጀው ቢጫ ወባ ደግሞ፣ ስሙ ወባ ቢሆንም ከወባ ጋር ዝምድና የሌለው፣ ደንጌን ከመሰሉ በትንኝ ከሚጓዙ ወንድሞቹ ጋር የፍላቪ ቤተሰብ ነው፤ በልጅነት ጉድፍ ሆኖ መጥቶ፣ በነርቭ ሥር ተሸሽጎ ኖሮ፣ በእርጅና አልማዝ ባለጭራ ሆኖ የሚመለሰው ከሄርፐስ ወገን ነው።

ልቤን ከሁሉ ይልቅ የሚይዘው ግን የኩፍኝና የደስታ ቤት ነው። ስሙ ደስታ፣ ግብሩ መርዶ የሆነው ያ የከብት መቅሠፍት፣ ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ የአገሪቱን በሬና ላም አብዛኛውን ጨርሶ ክፉ ቀን የተባለውን ረኃብ ያመጣ፣ ፍየሎቻችንን ዛሬም የሚገድለው ደስታ መሰል በሽታ የሥጋ ዘመድ ነው። ደስታ የያዛት ላም ዐይኗ ያነባ፣ አፍንጫዋ ይፈስ፣ ድዷና ምላሷ ይቆስል ነበር፤ ኩፍኝ የያዘው ሕፃንም ዐይኑ ቀልቶ ያነባል፣ አፍንጫው ይፈሳል፣ በጉንጩ ውስጥ የጨው ቅንጣት የመሰለ ነጭ ነጥብ ይታያል፣ ከዚያም ሽፍታው ከጆሮው ኋላ ተነሥቶ ገላውን ሁሉ ይወርሰዋል።

ደስታ ከምድር መጥፋቱ በ2003 ዓ.ም. ታወጀ፤ ለዚህም የረዳው ሙቀት የሚችል ክትባት በመገኘቱ፣ ከአርብቶ አደሩ መካከል የሠለጠኑ ሰዎች ያለ በረዶ ይዘውት ከብቱ ወዳለበት በእግራቸው መሄድ መቻላቸው ነው። የኩፍኝ ክትባት ግን ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ እያለ፣ ዛሬም ከበረዶ ሣጥን አልተላቀቀም፤ ስለዚህ ድርቅ ሲመጣ ቤተሰቡ ውኃና ሣር ፍለጋ በተነሣበት ወራት 9 ወር የሞላው ሕፃን ሳይከተብ ይቀራል፣ ተከታትላ የደረሰችው የጤና ባለሙያም ብልቃጡን ከበጠበጠች በኋላ ያላት ጊዜ 6 ሰዓት ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የተረፈው ይጣላል።