የመርማሪዋ የራሷ መዝገብ

በካሊፎርኒያ ሕግ የነፍስ ግድያ ይርጋ የለውም፤ ይህም ማለት ምንም ያህል ዓመት ቢቆጠር ክስ የማቅረብ መብቱ አይቋረጥም ማለት ነው። የሎስ አንጀለስ ፖሊስ መርማሪ የነበረችው ስቴፋኒ ላዛረስ በ1986 ለተፈጸመ ግድያ ከ23 ዓመታት በኋላ በቁጥጥር ሥር የዋለችው አንድም በዚህ ሕግ፣ አንድም ከሟች ክንድ ላይ ተወስዶ በማቀዝቀዣ በቆየ ጥቂት ምራቅ ምክንያት ነው።

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 24 ቀን 1986 ቫን ናይስ በተባለው ሠፈር፣ ካገባች ገና ሦስት ወር የሆናት የ29 ዓመት የነርሶች ኃላፊ በመኖሪያ ቤቷ ተደብድባና በጥይት ተመትታ ሞታ ተገኘች። የሙዚቃ ማጫወቻ ዕቃዎች ከደረጃው አጠገብ ተደራርበው ስለነበር፣ መርማሪዎቹ ወንድ ሌቦች ሲዘርፉ ደርሳባቸው ገደሏት ብለው ደመደሙ፤ የሟች አባት ግን የአማቻቸው የቀድሞ ወዳጅ የሆነች ፖሊስ ልጃቸውን ሥራ ቦታዋ ድረስ ሄዳ እንዳስቸገረቻት አስታውቀው ነበር። ይህች ፖሊስ ላዛረስ ነበረች፤ እርሷም ግድያው በተፈጸመ በ13ኛው ቀን .38 ካሊበር ሽጉጧ እንደተሰረቀባት አመለከተች፤ ያመለከተችውም ለራሷ መምሪያ ሳይሆን ለጎረቤቲቱ ለሳንታ ሞኒካ ከተማ ፖሊስ ነው። ሟች የተመታችው በዚሁ መጠን ጥይት ቢሆንም፣ የግድያውን መዝገብና የስርቆቱን ማመልከቻ ጎን ለጎን አስቀምጦ ያየ አልነበረም፤ የባልደረባን ስም በተጠርጣሪነት መጻፍ ለፖሊስ ከባድ ሳይሆን አልቀረም።

ላዛረስ በማዕረግ እያደገች የተሰረቁ የሥነ ጥበብ ሥራዎችን ለመከታተል በተቋቋመው ክፍል መርማሪ ሆነች። እ.ኤ.አ. በ2005 በሟች ክንድ ላይ ከተገኘው ንክሻ የተወሰደው ምራቅ ዲኤንኤው ተመረመረ፤ ዲኤንኤ በሕዋሳት ውስጥ የሚገኝና ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ፣ አንዱን ሰው ከሌላው ለመለየት የሚያስችል ንጥረ ነገር ነው። ነካሹ ሴት ሆና ስለተገኘች የወንዶች ሌቦች ነገር ያን ጊዜውኑ መውደቅ ሲገባው፣ መዝገቡ እንደገና በቁም ነገር የተገለጠው በ2009 ነው። ፖሊሶች ላዛረስን በድብቅ ተከታትለው ጠጥታ የጣለችውን ኩባያ አነሡ፤ ናሙናውም ከምራቁ ጋር ገጠመ።

አያያዟም በጥንቃቄ የታሰበበት ነበር። ጁን 5 ቀን 2009፣ ስለ ሥዕል ስርቆት ቃሉን መስጠት የሚፈልግ እስረኛ አለ ተብላ በመምሪያው ሕንፃ ወዳለው ማረፊያ ቤት ተጠራች፤ እስረኛ ወዳለበት ሽጉጥ ይዞ መግባት ስለማይፈቀድ፣ መሣሪያዋን እንደ ማንኛውም ፖሊስ በገዛ እጇ በር ላይ አስረክባ ገባች።

እ.ኤ.አ. በ2012 ጥፋተኛ ተብላ ከ27 ዓመት እስከ ዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባት። የሟች ወላጆች በከተማዋ ላይ ያቀረቡት የፍትሐ ብሔር ክስ ግን ይርጋው አልፏል ተብሎ ውድቅ ሆነ።