ካምቢዮው ነው ወይስ ፍሪሲዮኑ?

አንድ ወላጅ ለትምህርት ቤታችን የሰጡን አሮጌ ቮልስ ለዓመታት ሳይነዳ ቆሞ ነበር። ሞተሩ ተነሣ፤ ማርሽ ግን አልገባ አለ። ያየው ጋራዥ «ካምቢዮው አልቆለታል፣ ይውረድ» ብሎ የጠራው ዋጋ ከመኪናው የሚተናነስ አልነበረም።

እኛ ከቴክኒክ ክበብ ተማሪዎች ጋር አስቀድመን አንድ ነገር ሞከርን። ሞተሩ ጠፍቶ አራቱም ማርሾች፣ የኋላውም ጭምር፣ ያለ ችግር ገቡ። ሞተሩ ሲሠራ ግን ፍሪሲዮን ተረግጦም እየተንቋቋ እምቢ አለ። ፍሪሲዮን ሞተሩንና ካምቢዮውን ለጊዜው የሚያለያይ ነው፤ ካላለያየ ጤነኛ ካምቢዮም ማርሽ አይቀበልም። ገመዱ ሲላላ ይህ ይመጣል፤ የእኛው ገመድ ደህና ነበር። ረጅም ጊዜ በቆመ መኪና ደግሞ የፍሪሲዮኑ ዲስክ ከቮላኖው ጋር በዝገት ይጣበቃል። መካኒኩ የኋላ ጎማዎቹን አንሥቶ በጠንካራ ድጋፍ ላይ አስቀመጠ፤ በ4ኛ ማርሽ አስነሥቶ፣ ፍሪሲዮኑን ረግጦ፣ ፍሬኑን ሲይዝ ተላቀቀ። (ልጆች፣ ይህን ለብቻችሁ እንዳትሞክሩ!)

ቀጥሎ ዘይቱ ታየ፤ ቮልስ ካምቢዮው 2.5 ሊትር ያህል ይይዛል። እንደ ወተት የነጣ ዘይት ውሃ እንደገባበት ያሳያል። በማግኔቱ ቦሎን ላይ የሚገኝ ደቃቅ የብረት ጭቃ አያስደነግጥም፤ የጥርስ ስባሪ ቢገኝ ግን ያኔ ካምቢዮው መውረድ ነበረበት። የእኛው ዘይት ከመጥቆር በቀር ምንም አልነበረበትም።

አሁን የቀረው ነዳጅ ሲለቀቅ 2ኛ ማርሽ እየዘለለ መውጣቱ ነው። ፍተሻውን ከማርሽ ዘንጉ ትንሽ የፕላስቲክ ቡሽ እንጀምራለን፤ ርካሹ እሱ ነውና።