የብረት ዝገት በፍል ውኃና በእንፋሎት ውስጥ

ብረት ፍል ውኃ ሲነካው ማግኔታይት የተባለ ጥቁር ስስ ሽፋን ያበጃል፤ ሽፋኑም ከተጨማሪ ዝገት ይከላከልለታል። ይሁን እንጂ ኦክስጅን የተቀነሰለት ውኃ እየተናወጠ በፍጥነት ሲያልፍ ሽፋኑን ያሟሟዋል፤ የቧንቧው ግድግዳም ከውስጥ እየሳሳ ይሄዳል። ለአብነት የጃፓኑን የሚሃማ ኑክሊየር ኃይል ማመንጫ እንጥቀስ። በ1976 እ.ኤ.አ. ሥራ በጀመረው በ3ኛው ሪአክተር፣ መጀመሪያ 10 ሚሊሜትር ውፍረት የነበረው የአረብ ብረት ቧንቧ በኦገስት 9 ቀን 2004 ሲፈነዳ፣ እጅግ በሳሳበት ቦታ ከ2 ሚሊሜትር በታች ደርሶ ነበር። ፍል ውኃው ወደ እንፋሎት ተለውጦ 5 ሠራተኞችን ገደለ። ቦታው ከምርመራ ዝርዝር በመዘለሉ ውፍረቱ አንድም ጊዜ አልተለካም ነበር። ጥቂት ክሮሚየም የተቀየጠበት ብረት መሳሳቱን በእጅጉ ይቋቋማል፤ ነገር ግን የቅይጡ ምርጫ የልኬትን ግዴታ አያስቀርም እንላለን።