ከባሕር ወለል በታች የሚኖር ሕዝብ

ስለ ሆላንድ አገር ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው የነፋስ ወፍጮን፣ የእንጨት ጫማንና የአበባ እርሻን ነው። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን የሕዝቡን ኑሮ ለመረዳት አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው ሌላ ነገር አለ። ይኸውም የአገሪቱ መሬት ሩብ ያህሉ ከባሕር ወለል በታች መሆኑ ነው። ስለዚህ ሕዝቡ ይህን መሬት እንዴት እንዳገኘውና እንዴት እንደሚጠብቀው በአጭሩ ለመግለጽ እንሞክራለን። በጽሑፉ የሚገኙት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

የአገሪቱ ትክክለኛ ስም ኔዘርላንድ ነው፤ ትርጉሙም ዝቅተኛ አገር ማለት ነው። ሆላንድ የሚለው ከ12ቱ ጠቅላይ ግዛቶች የሁለቱ ስም ሲሆን፣ በልማድ ለመላው አገር መጠሪያ ሆኗል። በምሥራቅ ከጀርመን፣ በደቡብ ከቤልጅግ ጋር ትዋሰናለች፤ በሰሜንና በምዕራብ ያለው ባሕር ነው። ስፋቷ 41,500 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን የሕዝቧ ቁጥር 18 ሚሊዮን ገደማ ነው። በአውሮፓ ባለው ግዛቷ ከሁሉ የሚበልጠው ኮረብታ ከፍታው 322 ሜትር ብቻ ነው።

መሬቱ ከውሃ የሚወጣው እንዲህ ነው። በመጀመሪያ በሐይቁ ወይም በረግረጉ ዙሪያ የአፈር ግድብ ይሠራል፤ ከግድቡም ውጭ ቦይ ይቆፈራል። ቀጥሎ ውሃው ከውስጥ እየተቀዳ ወደ ቦዩ ይፈስሳል፤ ቦዩም ወደ ወንዝ ወይም ወደ ባሕር ይወስደዋል። በዚህ ዓይነት የደረቀው መሬት ፖልደር ይባላል። ከነፋስ ወፍጮዎቹም ብዙዎቹ እህል የሚፈጩ ሳይሆኑ ውሃ የሚያወጡ ነበሩ። አንዱ ወፍጮ ውሃውን ከፍ የሚያደርገው አንድ ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ ጥልቅ በሆነ ስፍራ ብዙ ወፍጮዎች በተራ ቆመው አንዱ ለሌላው ያቀብል ነበር። የቤምስተር ሐይቅ በዚህ ዘዴ በ1612 ደረቀ። ታላቁ የሃርለም ሐይቅ ደግሞ በ1852 በእንፋሎት ሞተር ኃይል ደረቀ፤ ዛሬ የስኪፖል አውሮፕላን ጣቢያ የሚገኘው ከባሕር ወለል ከ3 ሜትር በላይ ዝቅ ባለው በዚሁ ሐይቅ ወለል ላይ ነው።

ይሁን እንጂ መሬቱ በመድረቁ ሥራው አያበቃም። ከበሰበሰ ዕፅዋት የተሠራው ለስላሳ አፈር ውሃው ሲወጣለት እየሟሸሸ ይሰምጣል፤ በሰመጠም መጠን ውሃው ስለሚመለስ እንደገና መቅዳት ግድ ይሆናል። ዛሬ በኤሌክትሪክ የሚሠሩት የውሃ መሳቢያዎች ቢቆሙ፣ ብዙው እርሻና መንደር ተመልሶ ሐይቅ በሆነ ነበር።

ግድብ በአንድ ስፍራ ከተሸነቆረ የሚጎዳው በአጠገቡ ያለው ሰው ብቻ አይደለም፤ ሀብታሙም ድኻውም አብረው ይሰጥማሉ። ስለዚህ ከ13ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የውሃ ማኅበሮች ተቋቋሙ። እያንዳንዱ ባለ መሬት የግድቡን ድርሻ የመጠገን ግዴታ ነበረበት። ይህ ያቃተው ሰው አካፋውን በግድቡ ላይ ተክሎ መሬቱን ይለቅ ነበር፤ አካፋውን የነቀለውም ሰው መሬቱን ከነግዴታው ይወስድ ነበር። ዛሬም 21 የውሃ ማኅበሮች አሉ፤ ሹሞቻቸውን ሕዝቡ ይመርጣል፣ ግብርም ይከፍላቸዋል። እስኪስማሙ ድረስ ተቀምጦ መነጋገርንም ሆላንዶች እስካሁን በፖልደር ስም ይጠሩታል።

በዚህ ሥራ ጥቂት ቸል ማለት ምን እንደሚያስከትል በ1953 ታየ። በጃንዋሪ 31 ሌሊት ኃይለኛ ዐውሎ ነፋስ ከባሕሩ ሙላት ጋር ተገናኝቶ፣ ዝቅ ያሉትንና ጥገናቸው የዘገየውን ግድቦች ሰበረ። 1,836 ሰዎች በተኙበት፣ በጣራ ላይና በጎርፍ ውስጥ አለቁ። ከዚህ በኋላ መንግሥቱ የደቡብ ምዕራቡን የባሕር በሮች መዝጋት ጀመረ። በ1986 የተመረቀው የምሥራቅ ስኬልት ግድብ 62 የብረት መዝጊያዎች አሉት፤ ዓሣው እንዳይጠፋ በደህናው ቀን ክፍት ሆነው ይቆያሉ፣ ዐውሎ ነፋስ ሲመጣ ግን ይዘጋሉ።

የዕለቱም ኑሮ የዚህን መሬት ጠባይ ይከተላል። እርጥቡ መስክ ከእህል ይልቅ ለሣር ስለሚስማማ ከብት ማርባት በዛ፤ ስለዚህ የጎዳና የኤዳም አይብ በዓለም ታወቀ። ቁርስና ምሳ ብዙውን ጊዜ ዳቦ ከአይብ ጋር ነው፤ ትኩስ ምግብ የሚበላው በማታ ነው፤ ድንችም ከዚህ ማዕድ እምብዛም አይታጣም። አገሩ ሜዳ ስለ ሆነ ሽማግሌውም ሕፃኑም በቢስክሌት ይሄዳል፤ የቢስክሌቱ ቁጥር ከሰዉ ቁጥር ይበልጣል። ቦዮቹ በብርድ ሲረጉ ሕዝቡ በበረዶው ላይ ይንሸራተታል። ሆኖም በፍሪስላንድ 11 ከተሞችን የሚያዞረው 200 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆን ውድድር ለመጨረሻ ጊዜ የተደረገው በ1997 ነው፤ ከዚያ ወዲህ በረዶው የሚበቃ ውፍረት አላገኘም።

ይህ ሕዝብ ከአገራችን ጋርም በሥራ ተገናኝቷል። በ1954 ሥራ የጀመረውን የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ያቋቋመው ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ነበር። ዛሬ ደግሞ በኢትዮጵያ የሚበቅለው ጽጌረዳ በቀድሞው የሃርለም ሐይቅ አጠገብ ባለችው በአልስሜር ከተማ በሐራጅ ይሸጣል።

አሁን የዓለም ሙቀት እየጨመረ የባሕሩም ከፍታ እያደገ ነው። ስለዚህ ሆላንዶች የባሕሩን ግድብ ያጠናክራሉ፤ በወንዞች ዳር ግን አንዳንዱን ግድብ ወደ ኋላ እያራቁ ለውሃው ቦታ መልቀቅ ጀምረዋል። አያቶቻቸው የነቀሉት አካፋ ዛሬ በልጅ ልጆቻቸው እጅ ነው፤ እነርሱም በተራቸው ለሚቀጥለው ትውልድ ያስረክቡታል። እኛም ትምህርት ቤታችንን፣ ወንዛችንንና አፈራችንን ስንጠብቅ፣ አንዱ ድርሻውን ቢተው ጉዳቱ የሁሉም መሆኑን ከዚህ ሕዝብ ልንማር ይገባናል።