ልጅና የትእዛዝ መስመር፦ ኮምፒውተርን በጽሑፍ ማዘዝ ከስንት ዓመት ይጀመር?

ሞጆ፦ በከተማችን ብዙ ሕጻናት ፊደል ከመቁጠራቸው በፊት የወላጆቻቸውን ስልክ መክፈት ይለምዳሉ። በጣታቸው እየነካኩ ቪዲዮ ያያሉ፤ ጨዋታ ይጫወታሉ። ስልኩ ግን የሚያሳያቸው ሌሎች ያዘጋጁትን ነው። ልጁ ራሱ አስቦ መሣሪያውን የሚያዝበት አጋጣሚ እምብዛም አያገኝም።

ይህን አጋጣሚ ከሚሰጡ መንገዶች አንዱ የትእዛዝ መስመር ነው። የትእዛዝ መስመር ማለት ሥዕልና አዝራር የሌለበት፣ ብዙውን ጊዜ ጥቁር የሆነ መስኮት ነው። ተጠቃሚው አጭር ቃል ይጽፋል፤ ኢንተር የሚለውን ቁልፍ ይጫናል፤ ኮምፒውተሩም የታዘዘውን ፈጽሞ መልሱን በጽሑፍ ያሳያል። ዛሬም የባንክና የቴሌኮም ሰርቨሮችን የሚያስተዳድሩ ባለሙያዎች በአብዛኛው የሚሠሩት በዚህ መስኮት ነው።

ጉዳዩ ለገበሬ ልጅ እንግዳ አይደለም። አራሽ በሬዎቹን የሚመራው በረጅም ንግግር ሳይሆን በሬዎቹ በለመዱት አጭር ቃል ነው። ቃሉ ከተሳሳተ በሬው አይታዘዝም። ኮምፒውተርም እንዲሁ ነው።

የወለንጪቲ ልጆች

ሕጻናት ለዚህ አይደርሱም የሚል ሰው ከአዳማ አልፎ በመተሐራ መንገድ የምትገኘውን ወለንጪቲን ማስታወስ ይኖርበታል። እ.ኤ.አ. በ2012 «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት በወለንጪቲ አካባቢና በወንጪ በሚገኙ ሁለት መንደሮች ሙከራ አካሂዶ ነበር። በየመንደሩ 20 ለሚሆኑ፣ ማንበብ ለማይችሉና የአንደኛ ክፍል ዕድሜ ላይ ለነበሩ ልጆች ታብሌት ተሰጠ። መምህር አልተመደበላቸውም። ለአዋቂዎች የተሰጠው ሥልጠናም በፀሐይ ኃይል ባትሪ ስለ መሙላት ብቻ ነበር። ልጆቹ የሠሩትን ለማወቅ የታብሌቶቹ ሜሞሪ ካርድ በየሳምንቱ ይቀየር ነበር።

የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በዚያው ዓመት እንደተናገሩት፣ ልጆቹ በደቂቃዎች ውስጥ ማብሪያውን አግኝተዋል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ የእንግሊዝኛ ፊደላትን መዝሙር ዘምረዋል፤ በአምስት ወር ውስጥም ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ራሳቸው አስከፍተዋል። ይህ ድርጅቱ ስለ ራሱ ሥራ የተናገረው በመሆኑ በገለልተኛ ጥናት እንደተረጋገጠ ውጤት ሊወሰድ አይገባም። ሆኖም አንድ ነገር ያመለክታል፦ የአካባቢያችን ልጆች ጉጉት አይጎድላቸውም። የተዘጋውንም ለመክፈት የሞከሩት ማንም ሳያዛቸው ነው።

ለምን በጽሑፍ?

ሐሳቡ ከዚያም በፊት የነበረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ሲይሞር ፓፐርት፣ ዋሊ ፈርዛይግና ሲንቲያ ሰለሞን የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ ሎጎ የተባለ የኮምፒውተር ቋንቋ ለልጆች አዘጋጁ። በኋላም ልጆች በዚህ ቋንቋ «100 ወደ ፊት»፣ «90 ወደ ቀኝ» የሚሉ ትእዛዞችን እየጻፉ ኤሊ የተባለችን ጠቋሚ ያንቀሳቅሱና ሥዕል ያስሉ ጀመር። ልጁ አራት ማዕዘን ለማሳል ሲሞክር የማዕዘንን ትርጉም በራሱ ይደርስበታል። «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተመሠረተውም በፓፐርት አስተሳሰብ ላይ ነው።

በጽሑፍ ማዘዝ ለልጅ የሚሰጠው ሌላ ጥቅም ጥንቃቄ ነው። አንዲት ፊደል ከጎደለች ትእዛዙ አይፈጸምም፤ ኮምፒውተሩም እንዲህ ያለ ትእዛዝ አላገኘሁም ብሎ ይመልሳል። ወላጅ ይህን መልስ እንደ ቁጣ እንዳይቆጥረው ልጁን ማለማመድ አለበት። ስሕተትን አንብቦ ማረም የንባብም የሒሳብም መሠረት ነው።

ከምን ይጀመር?

ቃል አንብቦ መጻፍ የጀመረ፣ ማለትም ሰባት ዓመት ገደማ የሆነው ልጅ መጀመር ይችላል። ለመጀመሪያው ቀን አንድ ትእዛዝ ይበቃል። ልጁ ኢ-ሲ-ኤች-ኦ የሚሉትን አራት የላቲን ፊደላት ይጽፋል፤ አንድ ክፍት ቦታ ትቶ ስሙን ያስከትላል። ኮምፒውተሩ ስሙን መልሶ ይጽፍለታል። የትእዛዙ ትርጉም የገደል ማሚቶ ነው። ተራራ ላይ ጮኾ ድምፁ ሲመለስ የሰማ ልጅ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ቀጥሎ ፎልደር መሥራት ይመጣል። በሞጆ ደረቅ ወደብ አጠገብ ያለፈ ልጅ ኮንቴይነር ያውቃል፤ እያንዳንዱ የራሱ ቁጥርና ቦታ አለው። ፎልደርም ዕቃ የሚቀመጥበት እንደዚያ ያለ ሳጥን ነው። ኤም-ኬ-ዲ-አይ-አር አዲስ ሳጥን ይሠራል፤ ሲ-ዲ ወደ ውስጥ ያስገባል፤ ፒ-ደብሊው-ዲ የት እንዳለን ይነግረናል፤ ኤል-ኤስ በውስጡ ያለውን ይዘረዝራል።

እነዚህን የለመደ ልጅ ለቤቱ የሚጠቅም ሥራ ሊሰጠው ይገባል። ለምሳሌ ዶሮዎቹ የጣሉትን እንቁላል በየቀኑ ይመዝግብ። «ሰኞ 3 እንቁላል» የሚለውን ከገደል ማሚቶው ትእዛዝ ቀጥሎ ጽፎ፣ ወደ ቀኝ የሚያመለክቱ ሁለት ቀስቶችንና የፋይሉን ስም ሲያስከትል መዝገቡ ላይ አንድ መስመር ይጨመራል። በሲ-ኤ-ቲ ደግሞ መዝገቡን ከፍቶ ያነበዋል። በወሩ መጨረሻ ዶሮዎቹ መጣል የቀነሱት መቼ እንደሆነ ለእናቱ ሊነግራት ይችላል። መኖ ተለውጦ ወይም በሽታ ገብቶ እንደሆነ ለማወቅ እንዲህ ያለ መዝገብ ይረዳል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በሁለት ቀስት ፈንታ አንድ ቀስት ብቻ ከተጻፈ የቀድሞው መዝገብ ጠፍቶ አዲሱ መስመር ብቻ ይቀራል። ወላጅ ይህን አስቀድሞ፣ ጥቅም በሌለው ፋይል ላይ ሊያሳየው ይገባል።

ፊደልና ቋንቋ

ትእዛዞቹ በላቲን ፊደል መጻፋቸው እንቅፋት ይመስላል። ነገር ግን በአካባቢያችን በአፋን ኦሮሞ የሚማሩ ልጆች የላቲን ፊደላትን በቁቤ አማካይነት ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ያውቋቸዋል። በአማርኛ የሚማሩትም በእንግሊዝኛ ትምህርት ያገኟቸዋል። አዲስ የሚሆንባቸው የትልቅና የትንሽ ፊደል ልዩነት ነው፤ የግእዝ ፊደል ይህ የለውምና። ሊኑክስ በተባለው ሥርዓት ሁለቱ እንደ ተለያዩ ፊደላት ስለሚቆጠሩ፣ ትእዛዞቹ በሙሉ በትንሹ ፊደል እንደሚጻፉ ለልጁ መንገር ያስፈልጋል። ክፍት ቦታም እንዲሁ ዋጋ አለው። የቀድሞ ጸሐፊዎች ቃልን ከቃል በሁለት ነጥብ ይለዩ እንደነበር ሁሉ፣ ኮምፒውተሩም ትእዛዙን ከስሙ የሚለየው በክፍት ቦታ ነው።

የፋይልና የፎልደር ስም ግን በራሳችን ፊደል ሊጻፍ ይችላል። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ከተካተተ ወዲህ ኮምፒውተሮች ያውቁታል። ከዚህም በላይ ኤ-ኤል-አይ-ኤ-ኤስ በሚባለው ትእዛዝ፣ ወላጅ ለነባሩ ትእዛዝ በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ቅጽል ስም ሊያወጣለት ይችላል። ልጁ «ዘርዝር» ብሎ ሲጽፍ ኮምፒውተሩ ይዘረዝራል ማለት ነው።

ጥንቃቄ

አር-ኤም የሚባለው ትእዛዝ ፋይል ያጠፋል። በዚህ ትእዛዝ የጠፋ ፋይል ወደ ቅርጫት አይገባም፤ በቀላሉም አይመለስም። ስለዚህ ልጁ የሥራ ሰነድና የቤተሰብ ፎቶ በሌለበት፣ ለእርሱ ብቻ በተከፈተ የተጠቃሚ ስም ይሥራ። የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃልም አይሰጠው።

ኮምፒውተር የሌለው ቤተሰብ በአንድሮይድ ስልክ ተርመክስ የተባለውን ነጻ መተግበሪያ መጠቀም ይችላል። አንዴ ከተጫነ በኋላ ከላይ የጠቀስናቸው ትእዛዞች ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። ፈቃድ ካልሰጡት በስተቀር በስልኩ ውስጥ ያሉትን ፎቶዎች ስለማያገኝ ለጀማሪ ይመቻል። ያረጁ ኮምፒውተሮችም ቀለል ባለ ሊኑክስ እንደገና ሊያገለግሉ ይችላሉ።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ኢኒሼቲቭ ለወጣቶች የፕሮግራሚንግ ትምህርት በር ከፍቷል። ወደዚያ በር ሲደርሱ ኪቦርድ እንግዳ እንዳይሆንባቸው ታናናሾቹን ከወዲሁ ማለማመድ የቤተሰብ ድርሻ ነው። የሚጠይቀውም በሳምንት ሁለት ቀን ሃያ ደቂቃና አጠገባቸው የሚቀመጥ ሰው ነው። ያ ሰው የኮምፒውተር ባለሙያ መሆን አይጠበቅበትም። ከልጁ ጋር አብሮ ማንበብና መጠየቅ ከቻለ ይበቃል።