ጎመናችንን ከትል በትንሽ ወጪ እንጠብቅ



ጦር ኃይሎች አካባቢ ተከራይተን የምንኖር ተማሪዎች በግቢያችን ጥግ ጎመን የምንተክለው የወጥ ወጪ ለመቀነስ ነው። ትል ከገባበት ግን በጥቂት ቀናት የሚተርፈን የቅጠሉ ጅማት ብቻ ነው። ቢሆንም መድኃኒት ለመርጨት አንቸኩል፤ የምንበላው ያንኑ ቅጠል ነው። ደግሞም ዳይመንድባክ የምትባለው የጎመን የእሳት እራት ብዙ ፀረ ተባዮችን በመላመድ በዓለም የታወቀች ናት።

አንደኛው መከላከያ እጃችን ነው። በሳምንት ሁለቴ፣ ከፈጅር ሶላት በኋላ ብርሃን ሲወጣ፣ የቅጠሉን ጀርባ እየገለበጥን እንይ። እንቁላሉን በጣት እንጨፍልቅ፤ ትሉን ለቅመን ሳሙና ባለው ውሃ ውስጥ እንጣል።

ሁለተኛው ያረጀ ስስ መጋረጃ ነው። ቅጠሉን እንዳይነካ በእንጨት ደግፈን እናልብሰው፤ ጠርዙንም በአፈር እንቅበረው። አስቀድመን ትሉን ካልለቀምን ግን ጠላትን ከውስጥ መቆለፍ ይሆናል። የምንፈልገው ቅጠሉን ስለሆነ ንብ ባይደርሰውም ጉዳት የለውም። በኬሚካል የተነከረ የወባ አጎበር ግን አንጠቀም።

የሳሙና ውሃ መርጨት የሚረዳው ይበልጥ ለክሽክሽ ነው፤ አመድንም ዝናብ ያጥበዋል።

ከራሳችን የተረፈውን ለጎረቤት እናካፍል፤ ሰደቃ ነው።